ፈዛዛው መስመር

እናቴ ክሊኒክ አትወድም። ልጇ ላብራቶሪ ውስጥ ተቀምጣ የሰው ደም ስትመረምር ትውላለች፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ጣቷን ለመርፌ ሰጥታኝ አታውቅም። ሲያማት ዱዓ አስደርጋ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ልሳ ትተኛለች። ስለዚህ ያን ጠዋት፣ ገና ጋዋኔን ሳልለብስ፣ የወንድሜን ሚስት በክንዷ ይዛ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የምሠራበት ክሊኒክ በር ላይ ቆማ ሳያት፣ ከሁለቱ አንዷ ክፉኛ ታማለች ብዬ ደነገጥኩ።

«ሽንቷን እይልኝ» አለችኝ። ሰላምታም የለ።

«ምን ሆና ነው?»

«እሱን አንቺ ንገሪኝ። የተማርሽው ለዚህ አይደል?»

የወንድሜ ሚስት አንገቷን ደፍታ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዛለች። ከስታለች። እጅጌዋ ላይ የደረቀ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል።

እናቴ ወደ ኮሪደሩ ጎተተችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በሆዷ የያዘችውን ሁሉ ዘረገፈችው። «ታስመልሳለች፤ በየጠዋቱ። የዓሣው ሽታ ከበደኝ ትላለች፤ ዓሣ መሸጥ ዛሬ የጀመረች ይመስል። ሶላቷንም ትሰግዳለች፣ ትተዋለች፣ ደግሞ ሦስት ቀን ሰግዳ ትተዋለች። የማልቆጥር መስሏታል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ያ ባጃጅ ነጂ ደግሞ በር ድረስ ነው የሚያመጣት። ሌላው ሰው አስፋልቱ ላይ ይወርዳል፤ እሷ በር ድረስ።»

ወንድሜ ከሞተ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከአምባሰል ቁልቁለቶች አንዱ ላይ ከነጭነቱ ተገለበጠ፤ አላህ ይርሀመው። ሴት ልጃቸው ያኔ የሦስት ወር ጨቅላ ነበረች። ሚስቱ ኢዳዋን፣ አራት ወር ከአስር ቀኑን የሐዘን ጊዜዋን፣ እናቴ ቤት ተቀምጣ ጨረሰች። ከዚያ አባቷ ወደ አገራቸው ወደ አርዲቦ ሊወስዷት መጥተው ነበር፤ «የልጄን ልጅ ከዓይኔ አታርቁብኝ» ብላ ያስቀረቻት እናቴ ናት። የወንድሜ ሚስትም የሰው እጅ ማየት ስላልወደደች፣ ከሐይቁ ዳር ከአጥማጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየተረከበች፣ አጽድታ ለምግብ ቤቶች ማቅረብ ጀመረች። የዓሣውን ሳፋ የሚያመላልስላት ያው ባጃጅ ነጂ ነው።

የላብራቶሪ ሥራ ሰውን ቶሎ ተጠራጣሪ ያደርጋል። ወደ አረብ አገር ለመሄድ ምርመራ ከሚመጡት ሴቶች መካከል የጓደኛቸውን ሽንት ልብሳቸው ውስጥ ሸሽገው የሚገቡ አሉ። ስለዚህ የወንድሜ ሚስት ከመጸዳጃ ቤት ስትወጣ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ብልቃጡን ስትሰጠኝ ሞቅ ማለቱን በመዳፌ ለካሁ። አየችኝ። ምን እያረጋገጥኩ እንደሆነ ገባት።

የእርግዝና መመርመሪያዋን ወረቀት፣ ስትሪፗን፣ ነከርኩ። ምርመራው መሥራቱን የምትናገረው መስመር መጀመሪያ ቀላች። ከሥሯ ሌላ መስመር ወጣች፤ ፈዛዛ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ካላስጠጓት የማትታይ። ግን ወጣች። ስንማር «ፈዛዛ መስመርም መስመር ነው» ተብለናል። ገና አምስት ስድስት ሳምንቷ ነው ብዬ ገመትኩ። በየትኛውም ስሌት ወንድሜ አይገባበትም።

ያቺን መስመር የሚያወጣት አንድ ሆርሞን ነው። ሆርሞን አንዱ የሰውነት ክፍል ለሌላው በደም የሚልከው መልእክት ነው፤ ይህኛው ከፕሮቲን የሚሠራ ነው። ጽንስ ሲያዝ፣ ኋላ የእንግዴ ልጅ የሚሆኑት ሴሎች በውስጣቸው የተጻፈውን ትእዛዝ እያነበቡ፣ አሚኖ አሲድ የሚባሉትን ጥቃቅን ፍሬዎች እንደ ሙስበሃ ዶቃ አንድ በአንድ ይሰካሉ። ሁለት ክር ይሠራሉ፤ ያጣጥፏቸዋል፤ እርስ በርስ ያቆላልፏቸዋል፤ ስኳር ይለጥፉባቸውና ወደ እናትየዋ ደም ይለቋቸዋል። ሆርሞኑ የሴትየዋ እንቁላል ማምረቻ ጋ ሲደርስ ወደ ሴሉ አይዘልቅም። ደጅ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይገጥምና መልእክቱን ያደርሳል፤ የወር አበባ እንዳይመጣ፣ ማህፀኑ እንደተነጠፈ ይቆይ፣ እንግዳ አለ ይላል። የተረፈው በሽንት ይወጣል። እኔ የማየው ያንን ትራፊ ብቻ ነው። ከየት እንደተላከ አይነግረኝም። እኔ ግን የማውቅ መሰለኝ።

በሩን ዘጋሁና ወንበር ሰጠኋት።

«ማነው?» አልኳት።

«ማን ምኑ?»

«እህቴ፣ ከእኔ አትደብቂ። ስትሪፗ አውጥታዋለች።»

ሳቀች፤ አጭር፣ የደነገጠ ሰው ሳቅ። «ወላሂ፣ ወንድምሽ ከሞተ ወዲህ ወንድ የሚባል አልነካኝም።»

«ወላሂ አትበይ።»

«ለምን አልልም? እውነቴን ነው።»

በዚያች ወንበር ላይ ወላሂም፣ እመቤቴ ምስክሬም ብለው የማሉ ብዙ ናቸው። እንደ እነሱ አየኋት። ክፉው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ያ ሳቋ ነው ይበልጥ ያስጠረጠረኝ። ንጹሕ ሴት ታለቅሳለች እንጂ አትስቅም አልኩ በልቤ።

ውጤት የባለቤቱ ነው፤ ለእናትም፣ ለባልም፣ ለአማትም አይሰጥም። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። ኮሪደሩ ላይ እናቴ በዓይኗ ስትጠይቀኝ ግን አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅኩላት። ቃል አልወጣኝም፤ አንገቴ በቃ።

እናቴ አልጮኸችም። የዚያኑ ዕለት የወንድሜን ሚስት ልብሷን በፌስታል አስይዛ ወደ አባቷ ላከቻት። ልጅቷን አስቀረቻት። «የልጄ ዘር እዚሁ ይደግ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የጥርጣሬ ነበሩ። ወሬው በእኛ በኩል ይውጣ በሌላ አላውቅም፤ ብቻ ወጣ። ባጃጅ ነጂውን በዓይኔ መከታተል ጀመርኩ። ድሮ ሲያልፍ «ሲስተር፣ ሰላም ነው?» ብሎ ይጮህ ነበር፤ አሁን ሲያየኝ አንገቱን ያዞራል። ይኸው፣ አልኩ፣ ቢያጠፋ ነው። ሰላም ቢለኝም ኖሮ ድፍረቱን አየሽው እል ነበር። እናቴ በበኩሏ ወደ ኋላ እየቆጠረች የሚመጣበትን፣ የሚቆምበትን፣ ሳፋውን ሲያወርድ የሚቆይበትን ታስታውሳለች። የረሳችው ነገር እንኳ ከጥርጣሬው በኋላ ትዝ ይላት ጀመር። አንድ ጊዜ ሎሚ ገዝቶላት ነበር አለችኝ። ለምን ሎሚ?

በሦስተኛው ሳምንት ሰውየው ራሱ ክሊኒኩ መጣ። ተራውን ጠብቆ፣ ካርድ አውጥቶ፣ እንደ በሽተኛ ገባ።

«ምንህን አመመህ?» አልኩት፣ ወረቀቱን ሳላይ።

«አላመመኝም። ሌላ መግቢያ ስላጣሁ ነው።» ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው። «ሲስተር፣ ሚስቴ ጥላኝ ልትሄድ ነው። እናንተ ቤት የተወራውን ሰምታ ነው። እኔ ቁርኣን ይዤ ልማል፣ ብትፈልጉ በመስጊዱ ጀሚዓ ፊት። የወንድምሽን ሚስት እንደ እህቴ ነው የማያት።»

«እንደ እህትህ ከሆነ ለምን በር ድረስ ትወስዳታለህ?»

«መራመድ አቅቷት ነው!» አለ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። ወዲያው ደነገጠና ዝቅ አደረገው። «ከአስፋልቱ እስከ በራችሁ ያለችውን ዳገት ሁለት ጊዜ ተቀምጣ ነበር የምትጨርሳት። ልቤ ይመታል ትላለች። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ስታስል ደም ተፋች። በዓይኔ አይቻለሁ። በአላህ ይሁንብህ ለማንም እንዳትናገር፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብለው ልጄን ይወስዱብኛል አለችኝ። ሎሚም የገዛሁላት ማቅለሽለሹ ቢተዋት ብዬ ነው።»

ሊያመልጥ የፈጠረው ነው ብዬ ለማሰብ ሞከርኩ፤ ግን ሰው ለማምለጥ ብሎ ደም አይፈጥርም። ነፍሰ ጡር ታስመልሳለች፣ ትደክማለች። ደም ግን አትተፋም።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ አርዲቦ ወጣሁ። መኪና የሚደርስበት ድረስ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ነው የሄድኩት፤ የአርዲቦ ሐይቅ በስተግራዬ ነበር፤ ማሽላው ቁመቴን ያህላል። አባቷ ደጅ ላይ ሞፈር እየጠረቡ አገኘኋቸው። እጄን ዘረጋሁ፤ ጥርባቸውን አላቋረጡም።

«ደግሞ ምን ልትመረምሪ መጣሽ?» አሉኝ።

«ልጠይቃት ነው፣ አባባ።»

«ጠይቀሻት አልነበር?» አሉና በእጃቸው ወደ ጓሮ አመለከቱኝ።

ጓሮ ከግድግዳው ተደግፋ ተቀምጣለች። ሳያት የማላውቃት ሴት መሰለችኝ። ዓይኖቿ ፈጠው ወጥተዋል፤ ብርድ ሳይኖር ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ ግንባሯ ላብ ነው። እጇን ስይዝ የደም ሥሯ ትርታ ከመቶ ሃያ በላይ ይሮጣል። ከጎኗ ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ አለ፤ የደም አሻራው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

«ትደሚያለሽ?»

«ይመጣል፣ ይሄዳል። ከወራት በፊት ነው የጀመረኝ። ሶላት የምተወውም ለዚያ ነው። እናትሽ ስትቆጥር አያታለሁ።»

እዚህ ላይ ያሰብኩትን ስጽፈው ዛሬም ያሳፍረኛል። ሰውየው ነጻ ቢሆን እንኳ ሌላ ሰው አለ፣ አሁን ደግሞ ጽንሱን ለማስወረድ አንዳች ነገር ጠጥታለች ብዬ አሰብኩ።

«ምን ጠጣሽ?» አልኳት። «ሥር ነው? ኪኒን ነው? ንገሪኝ፤ ሐኪም ጋ ለመውሰድ ማወቅ አለብኝ።»

ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። «መጀመሪያ ሸርሙጣ አደረግሽኝ» አለች፣ ሳትቆጣ። «አሁን ደግሞ ነፍሰ ገዳይ።»

ብልቃጥ ሰጠኋት። ያን ቀን በር ላይ አልቆምኩም፤ ብልቃጡንም ስቀበላት ሙቀቱን አልለካሁም።

ክሊኒክ ስመለስ ከሰዓት ሆኗል። ስትሪፗን ነከርኩ። መስመሯ የለችም፤ ወይም ያለች የሚያስመስላት ጥላ ብቻ ቀርታለች። ይኸው ወርዷል አልኩ። አለቀ። እናቴም ትረፍ፣ እኔም ልረፍ።

ግን አላረፍኩም። ጽንሱ ከወረደ ለምን ይባስ ታስመልሳለች? እጇ ለምን ይንቀጠቀጣል? ሰው ሁሉ ላይ የቆየው ጥርጣሬዬ መጨረሻ ላይ ስትሪፗ ላይ አረፈ። የአገልግሎት ጊዜዋ አልፎ እንደሆነ አየሁ፤ አላለፈም። የራሴን ሽንት ሞከርኩ፤ ባዶ ነው። ያን ዕለት የመጣች የአራት ወር ነፍሰ ጡር ትርፍ ሽንት ነበረኝ፤ እሱን ሞከርኩ፤ መስመሯ ደም መስላ ወጣች። ስትሪፗ ጤነኛ ናት።

የዚያን ጊዜ ነው ደሴ ስማር አንድ አስተማሪያችን የነገሩን ነገር ትዝ ያለኝ። ስትሪፗ ላይ ሆርሞኑን የሚይዙ ሁለት ያዦች አሉ። አንደኛው ቀለም ተሸክሞ ይሄዳል፣ ሁለተኛው መስመሯ ላይ ተተክሎ ይጠብቃል። አንዱን ሆርሞን ሁለቱ በሁለት ጫፉ ሲይዙት ቀለሙ እዚያው ይቀራል፤ መስመር ሆነ ማለት ነው። ጆንያ እንደሚያነሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። ጆንያው ከመጠን በላይ ከበዛ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ጆንያ ታቅፎ ይቀራል፤ ሁለት ሆኖ የሚያነሳ አይገኝም። መስመሯ ትጠፋለች። «በጣም ትንሽም አይታይም፣ በጣም ብዙም አይታይም» ብለውን ነበር፤ እኛ ለፈተና ጽፈን ረሳነው።

ሽንቷን በውኃ አቀጠንኩ፤ አንድ እጅ ሽንት ለዘጠና ዘጠኝ እጅ ውኃ። አዲስ ስትሪፕ ነከርኩ። ገና ውኃው ሽቅብ ሲሳብ መስመሯ ቀላች። ወፍራም፣ ጥቁር ቀይ ሆነች። መቶ እጥፍ አቅጥኜውም ከአራት ወሯ ነፍሰ ጡር መስመር ይበልጥ ደመቀች።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ያህል ሆርሞን ሊኖራት የሚችል የስድስት ሳምንት ጽንስ የለም። መጀመሪያም ፈዛዛ የነበረው ስለበዛ ነበር። እኔ ጥቂት ነው ብዬ አነበብኩት።

የወንድሜን ሚስት ደሴ ሆስፒታል ልወስዳት ስል እናቴ አብሬ ካልሄድኩ አለች። ልታስታምም አይደለም። «ሁለታችሁንም አላምናችሁም» አለች በግልጽ፤ «በጆሮዬ ልስማ።» ሚኒባሱ ውስጥ እኔ መሀል ተቀመጥኩ። ከሐይቅ እስከ ደሴ የወንድሜ ሚስት በየመሀሉ በሻርፗ አፏን ሸፍና ታስላለች።

የማህፀን ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ያመጣሁላትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ የጠየቀቻት የመጀመሪያ ጥያቄ እኔ በነዚያ ሁሉ ሳምንታት ያልጠየቅኩት ነበር።

«መጨረሻ የወለድሽው መቼ ነው?»

አልትራሳውንድ ታየች፤ ማህፀኗ ውስጥ ጽንስ የለም፤ ሌላ ነገር ግን አለ። የሳንባ ራጅ ተነሳች፤ ፊልሙ ላይ ክብ ክብ ነጭ ነገር እንደ ባቄላ ተበትኗል። ደሟ ተወሰደ፤ ማሽኑ ቁጥሩን ለማንበብ ደጋግሞ ማቅጠን ጠየቀ። ከሰዓት ሐኪሟ ጠራችንና እናቴን አየች። «ብቻሽን ልንገርሽ ወይስ ይግቡ?» አለቻት የወንድሜን ሚስት።

«ይስሙ» አለች። «እንዲያውም እሳቸው ይቅደሙ።»

ሐኪሟ ቀስ ብላ ነገረችን። አንዳንድ ጊዜ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ ሴት በደህና ከወለደች በኋላ ከእንግዴ ልጁ ጥቂት ሴሎች በሰውነቷ ውስጥ ይቀራሉ። ወራት ይተኛሉ። ከዚያ ወደ ካንሰር ተለውጠው መብዛት ይጀምራሉ፤ በደም ወደ ሳንባ ይሄዳሉ። ሲፈጠሩ የተማሩትን ሥራ ግን አይረሱም፤ ያንኑ የእርግዝና ሆርሞን ያለ ልክ ይሠራሉ። ሰውነቷም ነፍሰ ጡር ነኝ ብሎ ያምናል።

«መንቀጥቀጧስ?» አልኩ።

«ሆርሞኑ ሁለት ክር ነው አይደል? አንደኛው ክር ታይሮይድ ዕጢን ከሚያዘው ሆርሞን ክር ጋር አንድ ነው፤ ሌላኛውም በመጠኑ ይመስለዋል። ልክ ሲያልፍ የታይሮይዱንም ደጅ ያንኳኳል። ዕጢው ጌታው የጠራው መስሎት ይሮጣል። ልቧ፣ ላቧ፣ ክሳቷ ከዚያ ነው።»

እናቴ ወደ ሐኪሟ ተጠጋች። «ሐኪም» አለች፣ «ከማን ነው ያረገዘችው?»

«አላረገዘችም፣ እማማ። ይህ የመጣው ከወለደቻት ልጅ የእንግዴ ልጅ ነው።»

«ከልጅቷ?»

«አዎ። እሱ ደግሞ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ነው።»

እናቴ ነገሩን ስታገላብጠው ፊቷ ላይ አየሁት። «እንግዲያ» አለች፣ «የልጄ ነው?»

ሐኪሟ ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው አልገባትም። የገባን እኛ ነን። እናቴ ከወንበሯ ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ «አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ» እያለች መሬቱን በመዳፏ ትመታለች። ላነሳት ብሞክር እንቢ አለችኝ። ያነሳቻት የወንድሜ ሚስት ናት። ጎንበስ ብላ ብብቷን ይዛ፣ «ይነሱ እማማ፣ ወለሉ ይበርዳል» አለቻት። ድምፅዋ ውስጥ ይቅርታም ቁጣም አልነበረም፤ ደክሟት ነበር።

ለሕክምና አዲስ አበባ ተላከች። ሐኪሟ ስንሰናበት «ይህ ለመድኃኒት እጅ ከሚሰጡት ወገን ነው፣ አብሽሩ» ብላናለች፤ እኔ ግን አላመንኳትም፤ ለሁሉም የምትለው መሰለኝ። ከክሊኒኩ ፈቃድ ወስጄ የመጀመሪያዎቹን ወራት አብሬያት ቆየሁ። ፀጉሯ ረገፈ። አፏ ቆስሎ ሾርባ እንኳ አልወርድ ያላት ሳምንት ነበረ። በየሳምንቱ ደም ይወሰድና ያው ሆርሞን ይለካል። የሚሠሩት እነዚያ ሴሎች ብቻ ስለሆኑ፣ እነሱ ሲሞቱ እሱም ከደም ይጠፋል፤ ሌላ ሊደብቅላቸው የሚችል ነገር የለም። ወረቀቱን ሲሰጡን መጀመሪያ እሷ ታነባለች። ቁጥሩ በመጀመሪያው የመድኃኒት ዙር ወረደ፤ በሁለተኛው ይበልጥ ወረደ። የእጇ መንቀጥቀጥ ከሁሉ ቀድሞ ለቀቃት። አንድ ጠዋት ብርጭቆ ሙሉ ሻይ ሳታፈስ ያዘችና አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

አገር ቤት ግን ወሬው ሌላ መልክ ያዘ። «ካንሰር ነው ይላሉ እንዴ? አዲስ አበባ የወሰዷት ሊያስወርዱላት ነው እንጂ» ይባል ነበር። ያንን እሳት የጫርነው እኛ ነን፤ የሚያጠፋውም ከኛ ቤት መውጣት ነበረበት። እናቴ መጀመሪያ የሄደችው ባጃጅ ነጂው ቤት ነው። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ እናቷ ጋ ሄዳ ነበር፤ እዚያ ድረስ ተከትላት ሄዳ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «ባልሽን በሐሰት የጠረጠርኩት እኔ ነኝ» አለቻት። ሴትየዋ በዚያው ሳምንት ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ እስከ ዛሬ ግን ባሏ ሴት ብቻዋን እንዲጭን አትፈቅድለትም ይባላል።

ቀጥሎ ሽማግሌ ይዛ አርዲቦ ወጣች። እኔ በዚያ ሳምንት ስለ ልጅቷ ክትባት መጥቼ ስለነበር አብሬ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ተናገሩ፣ ዱዓ ተደረገ። አባቷ እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«እኔን ለምን ይቅርታ ትጠይቁኛላችሁ?» አሉ። «እኔስ መቼ አመንኳት? በሌሊት ስታስል እየሰማሁ፣ ሥራዋ ነው ብዬ ጀርባዬን ሰጥቻት ተኝቻለሁ። ሂዱና እሷን ጠይቁ። እኔም ከኋላችሁ እመጣለሁ።»

ሕክምናው ካለቀ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ሆርሞኑ ከደሟ ጠፍቷል፤ ሳንባዋ ጠርቷል። እንዳይመለስ በየወሩ ይለካል፤ ስለዚህ በየወሩ ደሴ ትሄዳለች። እናቴ ቤት አልተመለሰችም። ከሐይቁ አቅራቢያ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ልጇን ወስዳ፣ የዓሣ ሥራዋን ቀጥላለች። በዒድ ትመጣለች፤ የእናቴን እጅ ትስማለች፤ ምግብ ሲቀርብ ትበላለች። እናቴ ግን ከእሷ ፊት ስትቀመጥ እንግዳ ናት፤ የምትናገረውን እየመረጠች ነው የምትናገረው። ምራቷ ትስገድ አትስገድ፣ ዓይኗን ሰብራ ታልፋለች።

እኔም ላይ የቀረ ነገር አለ። ዛሬ አማት ምራቷን፣ ባል ሚስቱን ይዞ ሲመጣ አጃቢውን ከበሩ አሳልፌ አላስገባም፤ ውጤቱን ሲጠይቁኝ አንገቴን እንኳ እንዳላንቀሳቅስ እጠነቀቃለሁ። ፈዛዛ መስመር ሳይ አቀጥናለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ስትሪፕ ታባክኛለሽ ይሉኛል።

ባለፈው ወር የደሴ ቀጠሮዋ ሲደርስ መናኸሪያው ላይ አገኘኋት። ልጅቷን አዝላ፣ ወረቀቷን በፕላስቲክ ጠቅልላ ሚኒባስ ትጠብቃለች። ብዙ ጊዜ ያሰብኩትን አነሳሁ።

«ለምን ትለፊያለሽ? ደሙን እዚህ እኔ ልቅዳልሽና ናሙናውን ደሴ እንልከዋለን። ውጤቱም በስልክ ይመጣል።»

«ደሴው ይሻለኛል።»

«እጄን አታምኚውም?»

አሰበችበት። «እጅሽ ደህና ነው» አለች። «ዓይንሽን ነው። ውጤቱን ስታነቢ ሳይሽ፣ ወረቀቱን ይሁን እኔን የምታነቢው አላውቅም።»

እውነቷን ነው። ረዳቱ «ደሴ፣ ደሴ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ሆና ትነጫነጫለች፤ መኪናው ሞልቷል፤ ሙቀቱም አይቻልም። የወንድሜ ሚስት መኪናውን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ መጨረሻ ላይ እኔን። አንቀልባውን ፈታች።

«እስክመለስ ያዥልኝ» አለችና ልጅቷን አስታቀፈችኝ። «ምሳዋን ዓሣ እንዳትሰጫት፤ አጥንቱን ገና አታወጣም።»

«እሺ።»

«እናትሽም ጋ ውሰጃት፤ ካላየቻት ቆይታለች።»

ገብታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ልጅቷ መኪናው ሲንቀሳቀስ ልታለቅስ አፏን አጣመመች፤ በትከሻዬ ላይ አስደግፌ ወደ ጥላው ወሰድኳት።